ጎፈሩን ከኮልማን አልተዋሰም

ስለ አዲስ አበባ የ1960ዎቹ ሙዚቃ ወሬ ሲነሣ አንድ ፍርድ ሁልጊዜ ቀድሞ ይደርሳል፤ “ያ ሁሉ እኮ የአሜሪካ ነው።” አለማየሁ እሸቴ የኢትዮጵያ ጄምስ ብራውን ይባላል፤ ሲያሻቸው ደግሞ የሐበሻ ኤልቪስ ያደርጉታል። ጌታቸው መኩሪያ የኢትዮጵያ ኦርኔት ኮልማን ነው። ሙላቱ አስታጥቄ ጃዝን ከቦስተን በሻንጣ ይዞ የገባ ሰው ነው። በመስቀል አደባባይ ዙሪያ ካሉት ካፌዎች በአንዱ ተቀምጦ ይህን የማይል የሙዚቃ አዋቂ ማግኘት ያስቸግራል። የውጭ አገሩ ሸክላ ሰብሳቢም፣ የእኛው የሬዲዮ አቅራቢም እኩል ይደግሙታል። ፈረንጁስ ሊያመሰግነን ብሎ ነው፤ ከሚያውቀው ስም ጋር ካላጎዳኘን ለአገሩ ሰው ማስተዋወቅ ይከብደዋል። የኛው ሰው ግን ለማን ብሎ እንደሚለው አይገባኝም።

አሜሪካ አልነበረችም ብዬ አልከራከርም። ነበረች፤ በሸክላ ነበረች፣ በፊልም ነበረች፣ በሰላም ጓድ መምህራን ነበረች፣ በአስመራው ቃኘው ጣቢያ ሬዲዮ ነበረች። ሙግቴ የዚያን ሙዚቃ መሠረት የጣለችው እሷ ናት ከሚለው ጋር ነው።

የሚታወቀውን ላሳጥረው። ከዐድዋ ድል በኋላ የትንፋሽ መሣሪያዎቹ ለዳግማዊ ምኒልክ ከሩሲያ ተላኩ። እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ አርባዎቹን የአርመን ልጆች ከኢየሩሳሌም አስመጡ፤ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንድያን ነበር፤ የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ደግሞ በኋላ የማዘጋጃ ቤቱንና የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርን ሙዚቀኞች ኮትኩቶ አሳደገ። የክቡር ዘበኛን ኦርኬስትራ ያሠለጠነው ፍራንዝ ዘልዌከር ኦስትሪያዊ ነው። ሩሲያ፣ አርመን፣ ኦስትሪያ። በዚህ ዝርዝር ውስጥ አሜሪካዊ ፈልጉልኝ። ጄምስ ብራውን ለአዲስ አበባ ጆሮ ሲደርስ የክቡር ዘበኛ፣ የፖሊስና የምድር ጦር ወታደሮች ለዓመታት በመንግሥት ደመወዝ ሲነፉ ቆይተዋል።

አሁን ወደ ጌታቸው መኩሪያ ልምጣ፤ የነገሩ ሁሉ መክፈቻ እሱ ነውና።

ይፋት ተወለደ። በልጅነቱ ክራርና መሰንቆ ተለማመደ፤ ገና አፍላ ሳለ የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድ ገባ። ከዚያ ወደ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ በኋላም ወደ ፖሊስ ኦርኬስትራ ተዛወረ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ቴነር ሳክስፎኑን ይዞ ያደረገው ነገር ግን ከአሠልጣኞቹ አንዱም ያላስተማረው ነበር። ሽለላን ነፋበት።

ሽለላ ምን እንደሆነ ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት ነውር ነው። በሳክስፎን ሲሆን ምን እንደሚሆን ግን ቆም ብሎ ማዳመጥ ይገባል። ሸላይ ምት አይጠብቅም። ድምፁን ይስባል፣ ያንቀጠቅጣል፣ ባልታሰበ ቦታ ይቆርጠዋል፣ ትንፋሹን ሰብስቦ ከላይ ይወርድበታል። መሰንቆው ከሥር አንዱን ሐረግ ይመላልሳል፤ ሸላዩ በላዩ ላይ እንደ ልቡ ይሄዳል። ጌታቸው ይህን አንድ በአንድ ወደ ሳክስፎን አዛወረው። እ.ኤ.አ. በ1972 ፊሊፕስ ባሳተመለት ሸክላ ላይ አጃቢዎቹ ዝግ ብለው በአንድ ቦታ ሲዞሩ እሱ ከቅኝቱ ሳይወጣ ከምቱ ግን ይወጣል፤ ይዘገያል፣ ይቀድማል፣ ይፎክራል። ድምፁ ወፍራም ነው፤ ጫፉ ላይ ይርገበገባል። አንዳንድ ቦታ የሚነፋ ሰው መሆኑን ትረሱና ፊት ለፊታችሁ ቆሞ ዘር የሚቆጥር ሰው የምትሰሙ ይመስላችኋል። መድረክ ላይ ጎፈር ደፍቶ፣ የጀግና ልብስ ለብሶ፣ እየተንጎራደደ ይጫወት ነበር።

ዓመታት አለፉ። እ.ኤ.አ. በ1997 የተጀመረው የፍራንሲስ ፋልሴቶ “ኢትዮፒክስ” ተከታታይ አሥራ አራተኛ ቅጹን ለጌታቸው ሰጠ፤ የውጭ ገምጋሚዎችም ሰሙትና ወዲያው አሜሪካዊውን ሳክስፎን ነፊ ኮልማንን፣ ወዲያው ሌላውን አሜሪካዊ ነፊ አልበርት አይለርን ጠሩ። እሺ፣ ቀን እንቁጠር። ኮልማን ኒው ዮርክ ፋይቭ ስፖት ክበብ ገብቶ ከተማውን ለሁለት የከፈለው በኅዳር 1959 እ.ኤ.አ. ነው። “ፍሪ ጃዝ” የተባለውን አልበም የቀዳው በታኅሣሥ 1960 ነው። አይለር የመጀመሪያ ሸክላውን የቀዳው በ1962። ጌታቸው በእነዚህ ጊዜያት ሁሉ ሽለላውን በሳክስፎን ሲነፋ ሰነባብቷል። “ፍሪ ጃዝ” የተቀዳበት ዕለት በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 12 ቀን 1953 መሆኑን ሳይ ሁሌም ይገርመኛል፤ የነመንግሥቱ ንዋይ መፈንቅለ መንግሥት በከሸፈ በቀናት ውስጥ ማለት ነው። አዲስ አበባ ያን ሳምንት ሬሳዋን እያነሣች ነበር፤ ከኒው ዮርክ ሸክላ የምትጠብቅበት ፋታ አልነበራትም።

ቀኑን ትተን ሙዚቃውን ብንመረምር ደግሞ ልዩነቱ የባሰ ነው። ኮልማን የአሜሪካ ጃዝ ለአሥርት ዓመታት የተራቀቀበትን የኮርድ ቅደም ተከተል ትቶ ወጣ፤ ታላላቆቹ ተቆጡ፣ ሙዚቃ አያውቅም የሚሉም ነበሩ። ዐመፁ ያ ነው። ጌታቸው የሚተወው ኮርድ አልነበረውም። በአምስት ድምፅ ቅኝት ላይ ነው ያደገው፤ ምት ሳይጠብቁ መሄድ ለሸላይ ደንብ እንጂ ዐመፅ አይደለም። አሜሪካዊው የአባቶቹን ደንብ ሲያፈርስ የይፋቱ ልጅ የአባቶቹን ደንብ ሲፈጽም ነበር፤ ሁለቱ ለሰሚ ጆሮ የተቀራረቡት ከተቃራኒ አቅጣጫ መጥተው ነው። አንዱን የሌላው ግልባጭ ማለት ሁለቱንም አለመስማት ነው።

ታዲያ ለምን ተመሳሰሉ? እዚህ ላይ የአሜሪካን ታሪክ በቅጡ የሚያውቅ ሰው ከእኔ ጋር ይስማማል ብዬ እገምታለሁ። አይለር ከመታወቁ በፊት የአሜሪካ ጦር ሠራዊት ባንድ ውስጥ ወታደር ሆኖ ፈረንሳይ አገር ነፍቷል፤ ሥራዎቹ በማርሽና በመዝሙር ዜማ የተሞሉ ናቸው። ወደ ኋላ ብንሄድ ጃዝ ራሱ የኒው ኦርሊንስ ልጅ ነው። በዚያች ከተማ እ.ኤ.አ. በ1817 የወጣ ደንብ በባርነት የተያዙ ሰዎች እሑድ እሑድ በአንድ ቦታ ብቻ እንዲሰበሰቡ አዘዘ፤ ቦታው ኮንጎ አደባባይ ይባላል፤ እዚያ ከበሮ መቱ፣ ጨፈሩ። በኋላ የማርሽ ባንዱ መጣ። እስካሁን በቀብር ሥርዐታቸው ባንዱ አስከሬኑን በቀስታ መዝሙር ይሸኛል፤ መልስ ላይ ሙዚቃው ይሞቃል፣ ሕዝቡም ከኋላ እየጨፈረ ይከተላል። ከበሮው፣ የቤተ ክርስቲያን ዜማውና የወታደር ነሐሱ አንድ ጎዳና ላይ ተገናኙ፤ ከዚያ መገናኘት ነው ያ ሁሉ ሙዚቃ የወጣው።

መስከረም 16 ከሰዓት በኋላ መስቀል አደባባይ ደረጃ ላይ የቆመ ሰው ይህን ለመረዳት ኒው ኦርሊንስ መሄድ አያስፈልገውም። የሰንበት ትምህርት ቤቱ ከበሮ፣ የካህናቱ ጽናጽልና መቋሚያ፣ የማርሽ ባንዱ ትራምፔት፣ ችቦ የያዘው ሕዝብ እልልታና ጭብጨባ በአንድ አየር ላይ ይጋጫሉ። እዚያ የተሰበሰበው በባርነት የተያዘ ሕዝብ ነበር፤ እዚህ ምእመን ነው፤ ልዩነቱ የትየለሌ መሆኑን አውቃለሁ። ሙዚቃው የተጣደበት ምድጃ ግን አንድ ዓይነት ነው። ተመሳሳይ ነገር በሁለት ቦታ በየራሱ ምክንያት ሊፈላ እንደሚችል ለምን መቀበል ያቅተናል?

“ሙላቱስ?” ይሉኛል። ሙላቱ በእርግጥ ቦስተን ተምሯል፤ በርክሊ የገባ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ተማሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 ኒው ዮርክ ያወጣቸውን ሁለት አልበሞች አድምጡ፤ ኮንጋና ቫይብራፎን፣ የላቲን ምት፣ የካሪቢያን መንፈስ ነው። አሜሪካ ሄዶ ያገኘው እንኳ በአብዛኛው ከኩባና ከፖርቶ ሪኮ የተሻገረውን ነው። ያን በአራቱ ቅኝቶች ላይ ያስቀመጠው ራሱ ነው፤ ያን ደግሞ በርክሊ አያስተምርም ነበር። ዱክ ኤሊንግተን በ1966 ዓ.ም. አዲስ አበባ መምጣቱን እንደ ቡራኬ የሚተርኩ አሉ። የመጣው በአሜሪካ መንግሥት ወጪ ነው፤ እዚህም ሲደርስ ሙላቱ ሥራ አዘጋጅቶ ለባንዱ ሰጥቷል። ማን ማንን እንዳስተማረ ልተወው።

አለማየሁ እሸቴ ኤልቪስን ይወድ ነበር፤ ልጅ ሳለ ሆሊውድ እገባለሁ ብሎ ከቤት እስከ መጥፋት ደርሷል። ይሁን። ሱሪው፣ የመድረክ እንቅስቃሴው፣ ጩኸቱ ከዚያ መጥቶ ይሆናል። ጎፈሬው ግን አልመጣም፤ በ1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገቡትን አርበኞች ፎቶ ማየት ነው። ዐምሐ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 የመንግሥትን ሞኖፖል ጥሶ ዐምሐ ሪከርድስን ሲያቋቁም ሕዝቡ ሱቁ ድረስ የተጋፋው የአማርኛ ዘፈን ለመግዛት ነው። የእንግሊዝኛውንማ ቀድሞም ያገኘው ነበር። ስለ ቃኘው ጣቢያ ደግሞ ብዙ መናገር አልፈልግም። ሬዲዮ የሰማ ሁሉ የሬዲዮ ልጅ ከሆነ እኛ ሁላችን የቢቢሲ ልጆች ነን።

ይልቅ ማንም የማያነሣው የመልሱ ጉዞ ነው። የባርቤዶስ ተወላጁ አርኖልድ ፎርድ በሃርለም የማርከስ ጋርቬይ ማኅበር የሙዚቃ መሪ ሳለ ከደረሳቸው መዝሙሮች አንዱ፣ ማኅበሩ እ.ኤ.አ. በ1920 የተቀበለው፣ የኢትዮጵያን ስም የተሸከመ ነው። ፎርድ በ1930 ለዘውድ በዓሉ አዲስ አበባ መጣ፤ እዚሁ ቀረ፤ እዚሁ ሞተ። የሰላም ጓዱ ቻርልስ ሳተን ከጌታመሳይ አበበ እግር ሥር ተቀምጦ መሰንቆ ተማረ፤ ከኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ጋርም ተጫወተ። እሱን የአሜሪካ ጌታመሳይ ብሎ የጻፈ ጋዜጣ አላየሁም። የቦስተኑ አይዘር ኦርኬስትራ በ1996 ዓ.ም. አዲስ አበባ መጥቶ የኛኑ ዘፈኖች ለእኛው ተጫወተልን፤ ቅጂውም በ“ኢትዮፒክስ” ሃያኛ ቅጽ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ2010 ናስና ዴሚየን ማርሊ የሙላቱን “የግሌ ትዝታ” ቆርጠው የራፕ ማጀቢያ አደረጉት። አሁን ይህን ሁሉ ይዛችሁ ማን የማን ባለዕዳ እንደሆነ ንገሩኝ።

ከአደባባዩ ወደ ካዛንቺስ የወጣ ሰው እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ማስረጃውን በጆሮው ያገኘው ነበር። በፈንዲቃ አዝማሪ ቤት የመላኩ በላይ እስክስታ፣ የአዝማሪው መሰንቆና የእንግዳ ሳክስፎን ነፊዎች በአንድ ጠባብ ቤት ይገናኙ ነበር። ከውጭ የሚመጣው ሙዚቀኛ ከአዝማሪው ጋር ሲጫወት አጃቢ ነበር፤ ምቱን ፈላጊ እሱ፣ ተጠባቂው መሰንቆው። በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ለመልሶ ማልማት ሲፈርስ ፈንዲቃም ከቦታው ተነሣ። የአዝማሪ ቤቶቹን ለማቆየት የተሟገተው ሰው ጥቂት ነበር። ለዚህ ቸልታ አንዱ ምክንያት ያ የተለመደ አባባል ይመስለኛል፤ የሙዚቃችን ምንጭ ባሕር ማዶ ነው ብሎ ያመነ ሰው እዚህ የሚፈርሰው ምን እንደሆነ አይታየውም።

ስለዚህ እኔ ከአብዛኞቹ አድናቂዎች አንድ እርምጃ እርቃለሁ። የኢትዮጵያ ዘመናዊ ሙዚቃ ለአሜሪካ የሚከፍለው ዕዳ የለበትም። አለበት ካላችሁም በሱሪ ስፋትና በመድረክ መብራት ልክ ነው። ጌታቸው መኩሪያም በመጋቢት 2008 ዓ.ም. ሲያርፍ የማንም ተከታይ ሆኖ አላረፈም። ሳክስፎን ከኮርድ እስር የወጣበትን ዘመን የሚተርክ፣ ኒው ዮርክ ብሎ የሚጀምርና ኒው ዮርክ ብሎ የሚጨርስ የጃዝ ታሪክ መጽሐፍ ሁሉ ስለ አንድ የማዘጋጃ ቤት ባንድ ነፊ የሚናገር ምዕራፍ ይጎድለዋል፤ ያም ምዕራፍ ከኮልማን ምዕራፍ በፊት ነው መግባት ያለበት።