የእንግሊዝኛ ማዕዘን፦ «ሌይ ኦፍ»



በፍሌሚንግደን ፓርክ ካሉት ረጃጅም ሕንጻዎች በአንዱ፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ አንዲት እኅታችን አግኝታኝ «ወንድሜ፣ ሥራ አቆምኩ እኮ» አለችኝ። «ምነው?» ብላት «ፋብሪካው ሥራ ስላነሰው አሰናበቱን» አለች። እንግዲህ የቆመው ሥራው እንጂ እሷ አልነበረችም። ለሥራ አጥ መድን ስታመለክት ግን ያንኑ አማርኛ ገልብጣ «አይ ኩዊት» ብላ ሞልታለች።

«ሌይ» ብቻውን ማስቀመጥ፣ ማጋደም ነው። «ኦፍ» ሲከተለው ሌላ ነገር ይሆናል፦

«አይ ዎዝ ሌይድ ኦፍ»፦ ሥራ ስለጠፋ ተቀነስኩ።
«አይ ዎዝ ፋየርድ»፦ ተባረርኩ።
«አይ ኩዊት»፦ በገዛ ፈቃዴ ለቀቅኩ።

ልዩነቱ የእንጀራ ጉዳይ ነው። በካናዳ ከ1993 እ.ኤ.አ. ወዲህ ያለ በቂ ምክንያት በፈቃዱ ሥራ የለቀቀ ሰው መደበኛውን የሥራ አጥ መድን አያገኝም። አሠሪው የሚሰጠው «ሬከርድ ኦፍ ኢምፕሎይመንት» የተባለው ወረቀት 16ኛ ሣጥን ላይ ምክንያቱ በፊደል ይገባል፤ «ኤ» የሥራ መጥፋት፣ «ኢ» መልቀቅ፣ «ኤም» መባረር ነው። ወረቀቱን ሳያነቡ ወደ መሳቢያ አይክተቱት። ስሕተት ካለበት አሠሪው እንዲያርመው ይጠይቁ። ማመልከቻውንም ከመጨረሻው የሥራ ቀን ጀምሮ 4 ሳምንት ሳይሞላ ያስገቡ።

«ሌይ ኦፍ» ሁልጊዜ የመጨረሻ ስንብት አይደለም። በኦንታሪዮ ሕግ ጊዜያዊ ቅነሳ በተለምዶ በ20 ተከታታይ ሳምንታት ውስጥ ከ13 ሳምንት አይበልጥም፤ በተወሰኑ ሁኔታዎች ግን ሊረዝም ይችላል። መልሰው ሲጠሩዎት «ኮልድ ባክ» ይባላል።

ሐኪም «ሌይ ኦፍ ዘ ሶልት» ካለዎት ደግሞ አይደንግጡ፤ ጨው ይተዉ ማለቱ ነው። ልጅዎ ታናሹን ሲነካካ «ሌይ ኦፍ ሂም» ቢሉት «ተወው፣ አትንካው» ማለትዎ ነው።

የእኅታችንን ወረቀት አብረን ስናየው 16ኛው ሣጥን «ኤ» ይላል። አሠሪዋ ያልጻፈባትን በራሷ እጅ ጽፋ ኖሯል። በማግሥቱ ስልክ ደውላ አስረድታ አሳረመች። ከአፍ የወጣ አፋፍ ቢባልም፣ ፎርም ላይ የወጣ ቶሎ ከደረሱበት ይመለሳል።

ለሚቀጥለው እትም በሰላም ያገናኘን።