«ካንሰር የሚገድል ተክል ተገኘ» የሚል ፖስት ሲደርሳችሁ

በቴሌግራምና በቲክቶክ ደጋግሞ የሚዞር አንድ ዓይነት ፖስት አለ፦ «ካንሰርን የሚገድል ተክል በላብራቶሪ ተረጋገጠ!» ሼር፣ ሼር እየተባለ ከአዲስ አበባ እስከ መካነ ሰላምና ማሻ ይደርሳል። ፖስቱ ሁልጊዜ ፈጠራ ነው ማለት አይደለም፤ ከጀርባው እውነተኛ ሙከራ ሊኖር ይችላል። ችግሩ ያለው «በላብራቶሪ ተረጋገጠ» የምትለው አባባል ላይ ነው። እስኪ እንያት።

ካንሰርን ካንሰር የሚያደርገው ምንድን ነው?

የሴሉ መብዛት ብቻ አይደለም፤ ድንበር መጣሱ ነው። ለምሳሌ የማህፀን በርን የሚሸፍኑት ሴሎች ከሥራቸው ስስ ሽፋን አለ። የተበላሹት ሴሎች ከዚህ ሽፋን በላይ እስካሉ ድረስ «ቅድመ ካንሰር» ይባላል። ሽፋኑን በስተው ወደ ጤነኛው አካል ሲገቡ ግን ካንሰር ሆነ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል ሊዛመት ይችላል።

ይህ ድንበር መጣስ እንዴት ይለካል?

ተመራማሪዎች ትንሽ ኩባያ የመሰለች ዕቃ ይጠቀማሉ። ታችኛው ክፍሏ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት፤ ብዙ ጊዜ የአንዱ ስፋት 8 ማይክሮሜትር ነው፤ ከፀጉር ውፍረት በብዙ እጥፍ ያነሰ። በላዩ የሰውነትን ሽፋን የሚተካ ጄል ይቀባል። የካንሰር ሴሎቹ ከላይ፣ ምግባቸው ከታች ይደረጋል። ከአንድ ቀን ገደማ በኋላ ጄሉን በስተው የወረዱት በማይክሮስኮፕ ይቆጠራሉ። ጄል በሌለበት 200 ሴል ቢወርድ፣ ጄል ባለበት ደግሞ 80 ቢወርድ፣ የመውረር አቅማቸው 40 በመቶ ነው እንላለን።

አሁን የተክሉ ጭማቂ ሲጨመር የወረዱት ሴሎች 10 ብቻ ሆኑ እንበል። ጭማቂው ወረራውን አቆመው? ላይሆን ይችላል። ምናልባት ሴሎቹን ገና ከላይ ሳሉ ገድሏቸው ይሆናል። ሴል መግደል ደግሞ ብቻውን ብርቅ አይደለም፤ በረኪናም እኮ ይገድላል! ትልቁ ጥያቄ ጤነኛውን ሴል ሳይጎዳ፣ በሰው ሰውነት ውስጥ፣ በሚቻል መጠን ይሠራል ወይ የሚለው ነው። ቪንክሪስቲን የሚባለው የኬሞ መድኃኒት ከተክል የተገኘ ነው። ግን ታማሚ ጋር የደረሰው ተጣርቶ፣ መጠኑ ተለክቶና በሰው ላይ ተፈትኖ እንጂ ተቀቅሎ አይደለም።

ታዲያ ይህ እኛን ምን አገባን?

በዓለም ላብራቶሪዎች በብዛት ከሚሠራባቸው ሴሎች አንዱ «ሄላ» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1951 አሜሪካ ውስጥ ሄንሪታ ላክስ ከተባለች እናት የማህፀን በር ካንሰር፣ ሳትጠየቅ የተወሰደ ነው። እሷ በዚያው ዓመት በ31 ዓመቷ አረፈች። ሴሎቿ ግን እስከ ዛሬ እየተራቡ ነው።

የማህፀን በር ካንሰር በአገራችን ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚታየው ነው። ኩባያዋ ውስጥ በአንድ ቀን የሚለካው ወረራ ግን በሰውነት ውስጥ ጊዜ ይወስዳል። ቅድመ ካንሰሩ ድንበሩን እስኪጥስ አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጃል። ኤችአይቪ በደሟ ላለና ሕክምና ላልጀመረች ሴት ከ5 እስከ 10 ዓመት ሊያጥር ይችላል።

እኛ ትልቁ ዜና ይሄ ነው እንላለን። ሰፊ ጊዜ አለ፤ ጊዜውን የምንበላው ግን እኛው ነን። ምርመራው ቀላል ነው። ኮምጣጤ ውስጥ ያለው አሲድ ተበርዞ የማህፀን በር ላይ ሲቀባ የተበላሸው ቦታ ይነጣል፤ ቅድመ ካንሰር ከሆነ በማቀዝቀዝ ወይም በሙቀት ይወገዳል። በአገራችን መመሪያ ምርመራው በዋናነት ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች ነው። የኤችፒቪ ክትባት ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ ለልጃገረዶች እየተሰጠ ነው።

ድንበሩ ከተጣሰ በኋላ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ለብዙ ዓመታት በመላ አገሪቱ የጨረር ሕክምና የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር። ከቦረና ተነስቶ ያን ያህል መንገድ ሄዶ ወረፋ መጠበቅ ለአንድ የገበሬ ቤተሰብ ምን ማለት እንደሆነ የአካባቢው ልጅ ያውቀዋል። ተክሉን «ልሞክረው» ተብሎ የሚያልፈው እያንዳንዱ ወር ደግሞ ለካንሰሩ የተሰጠ ወር ነው።

ስለዚህ ቀጣዩ ፖስት ሲደርሳችሁ «በሳህን ላይ ነው ወይስ በሰው ላይ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ «በሳህን» ከሆነ ለእናታችሁ ፎርዋርድ አታድርጉት። ይልቅ ደውሉና «እማዬ፣ ተመርምረሻል?» በሏት።