ቅድሚያ ለኪኒኑ ወይስ ለላብራቶሪው?

አንድ ሰው ጤና ጣቢያ ሄዶ ግፊቱ 165 በ100 ሆነ እንበል። በሌላ ቀን ሲለካም ያው ነው። በእጁ የሚሰጠው ግን መድኃኒት ሳይሆን ረጅም የደም ምርመራ ትእዛዝ ነው። ገንዘቡ ስለማይበቃው ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ይከትና ቤቱ ይገባል። ግፊት ብዙ ጊዜ ምልክት የለውምና «ደህና ነኝ» እያለ ወራት ያልፋሉ።

የደም ምርመራ አይጠቅምም ማለት አይደለም። እኩል ግፊት ያላቸው ሁለት ሰዎች እኩል አደጋ ላይ አይደሉም። የአንዱ ስኳርና ኮሌስትሮል ከፍ ካለ፣ ክሬቲኒኑም ኩላሊቱ መጎዳቱን ካሳየ፣ ለስትሮክና ለልብ ሕመም ይበልጥ ተጋላጭ ነው። ከእነዚህ ሌላ ትሮፖኒንና ኤንቲ-ፕሮቢኤንፒ የሚባሉ ምርመራዎችም አሉ። ትሮፖኒን የልብ ጡንቻ ሲጎዳ ወደ ደም የሚገባ ፕሮቲን ነው። ኤንቲ-ፕሮቢኤንፒ ደግሞ ልብ ጫና ሲበዛበት ይጨምራል። ሁለቱም ሰውየው ምንም ሳይሰማው ከፍ ብለው ሊገኙ ይችላሉ፤ ሲገኙም ወደፊት የልብ ድካም ሊመጣ እንደሚችል ይጠቁማሉ።

ጥያቄው የቅደም ተከተል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው የደም ግፊት መድኃኒት መመሪያ የክሬቲኒን፣ የፖታሲየም፣ የስኳር፣ የቅባትና የሽንት ምርመራ እንዲሁም ኢሲጂ ቢደረጉ መልካም ነው ይላል። ቅድመ ሁኔታው ግን ሕክምናውን እንዳያዘገዩ ነው። ግፊቱ 160 በ100 ለደረሰ ሰው መድኃኒቱ ሳይዘገይ መጀመር አለበት።

«ኩላሊቱ ሳይታወቅ እንዴት ይታዘዛል?» የሚል ሐኪም ስጋቱ ተገቢ ነው። አንዳንዶቹ መድኃኒቶች የኩላሊትንና የፖታሲየምን ክትትል ይፈልጋሉ። እንደ አምሎዲፒን ያሉት ግን ያለ ላብራቶሪ ለመጀመር የተሻሉ መሆናቸውን ያው መመሪያ ይገልጻል። ምርመራው ሕክምናው ከተጀመረ በኋላ ሊከተል ይችላል።

በሌላ በኩል፣ አቅም ያለው ሰው በግል ክሊኒክ «ሙሉ የልብ ምርመራ» ተብሎ ብዙ ይከፍላል። ከመክፈሉ በፊት አንድ ነገር ቢጠይቅ ይበጀዋል፦ «ይህ ውጤት ሕክምናዬን ምን ይለውጠዋል?» መልስ ከሌለ ብሩ ለዓመት ኪኒን ቢውል ይሻላል።

ከጤና ቢሮዎች የሚጠበቀውም ሩቅ አይደለም። በየጤና ጣቢያው የሚሠራ የግፊት መለኪያ፣ የማይቋረጥ ኪኒን፣ ለክሬቲኒንና ለስኳር የሚበቃ ሪኤጀንት ይኑር። ውዱ ምርመራ ከዚያ በኋላ ይምጣ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው፤ ቅጠሉ እጅ ላይ እያለ የእሳቱን መጠን ለመለካት ወረፋ መያዝ ቤቱን አያድነውም።