ወደ ቱሉ ጉዶ ከመሻገራችን በፊት

ሰሞኑን በመመገቢያ አዳራሹም፥ በመኝታ ቤቱም፥ በቤተ መጻሕፍቱ ደጃፍም የሚወራው ስለ አንድ ጉዞ ነው። የማኅበራችን የጉዞ ኮሚቴ በጥር ዕረፍት ከአሰላ ተነሥተን፥ በኦጎልቾ አድርገን፥ ብዙዎቻችን ዝዋይ ወደምንለው ወደ ደምበል ሐይቅ እንድንወርድ፥ ከዚያም በጀልባ ወደ ቱሉ ጉዶ ደሴት ተሻግረን ሦስት ቀን እንድንሰነብት አቅዷል። ደሴቱ ነፋሻ ስለ ሆነ በካይት እንጫወታለን ተብሏል። ከውጭ አገር የተመለሰ አንድ የቀድሞ ተማሪም መሣሪያውን ሊያውሰን ቃል ገብቷል።

ነገሩ አዲስ ለሆነበት ወገናችን በአጭሩ እንግለጸው። ይህ ካይት ልጆች ከላስቲክና ከክር ሠርተው የሚያበሩት ዓይነት ነው፤ ነገር ግን ስፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ7 እስከ 14 ካሬ ሜትር ይሆናል። ተጫዋቹ 20 ሜትር በሚያህሉ ገመዶች ከወገቡ ጋር አያይዞት፥ እግሩን በሰሌዳ ላይ አድርጎ፥ ነፋስ እየጎተተው በውኃ ላይ ይንሸራተታል። እ.ኤ.አ. በ2024 በፓሪሱ ኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ ከውድድሮች አንዱ ሆኖ ማርሴይ ላይ ታይቷል።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ወጡ እየቀጠነ፥ የፎቶ ኮፒ ዋጋ እየናረ፥ ምን የሚሉት ቅንጦት ነው?» ሲሉ ሰምተናል። በዚህ አንስማማም። ወጣት ከመጽሐፍና ከአልጋ ሌላ ነገር ማየት አለበት። ደግሞም ነፋስ የአርሲ ሰው ሀብት ነው። በኢተያ አካባቢ ለኤሌክትሪክ ማመንጫ የተመረጠው ይኸው ነፋስ አይደለምን? እኛ የምንጣላው ከጉዞው ጋር ሳይሆን ከዕቅዱ ጋር ነው።

ኮሚቴው በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የለጠፈውን ወረቀት ደጋግመን አነበብነው። ስለ ድንኳን፥ ስለ ዳቦና ሰርዲን፥ ስለ ካናቴራው ቀለም፥ ስለ ፎቶግራፍ አንሺው በዝርዝር ተጽፏል። ስለ ሕይወት ማዳኛ ጃኬት ግን አንድ መስመር የለም። ዋና የሚችለው ማን እንደ ሆነ አልተጠየቀም። የወደቀውን የሚያነሣ ጀልባ አልተመደበም። ከሁሉ የሚገርመው፥ በደሴቱ ላይ ሰው እንደሚኖር የሚያስታውስ ቃል በወረቀቱ ላይ አይገኝም።

«በሬ ሆይ፥ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» ማለት እንዲህ ያለውን ነው።

በመጀመሪያ ስለ ውኃው እንናገር። አርሲ ለዓለም ሯጭ ሰጥታለች። ኃይሌ የአሰላ ልጅ ነው፤ ደራርቱ፥ ቀነኒሳና ጥሩነሽ ከበቆጂ አካባቢ የወጡ ናቸው። እግራችን የታወቀ ነው፤ ውኃ ላይ ግን ሩጫ አያዋጣም። ባለፈው ዓመት ጥቂት ሆነን ወደዚሁ ሐይቅ ወርደን ነበር። ጭላሎን ጠዋት ወጥቶ ከሰዓት በኋላ የሚወርድ አንድ ጎበዝ ጓደኛችን ከጀልባው ሲወርድ እግሩ ጭቃ ውስጥ ገባና ወደቀ። ውኃው ከደረቱ አያልፍም ነበር። እርሱ ግን ተደናግጦ ሁለት ጊዜ ጠለቀ፤ ያወጡት ጀልባ ቀዛፊው ሽማግሌ ናቸው። እኛ በዳር ቆመን እንጮኽ ነበር። ከመካከላችን ዋና የሚችል አንድ ስንኳ አልነበረም።

ሽማግሌው ልብሳቸውን እየጨመቁ፥ «ልጆቼ፥ ይህ ውኃ ጠዋት በግ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ጠባዩ ይለወጣል» አሉን። አልተቆጡንም፤ ባይቆጡንም አፈርን።

የተናገሩት እውነት ነው። ደምበል ሰፊ ቢሆንም ጥልቅ አይደለም፤ በብዙ ቦታ ጥልቀቱ ከጥቂት ሜትር አያልፍም። እንዲህ ያለው ውኃ ነፋስ ሲነካው ማዕበሉ ቶሎ ይነሣል፤ አጭርና ተከታታይ ሆኖ ጀልባውን ይደበድባል። በዚህ ላይ ጉማሬ አለ፤ የቢልሃርዚያም ነገር አለ።

ስለ ነፋሱም ኮሚቴው «ብዙ ነፋስ አለ» ብሎ አልፏል። ነፋስ መኖሩ ብቻ ግን አይበቃም። አባቶቻችን በአውድማ ገብስ ሲያዘሩ ላይዳውን ከማንሣታቸው በፊት ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ያያሉ፤ አለዚያ እብቁ ተመልሶ ዓይናቸው ውስጥ ይገባል። ካይትም እንደዚሁ ነው። ነፋሱ ከየብስ ወደ ሐይቁ ሲነፍስ የወደቀ ሰው ወደ መካከል ይወሰዳል እንጂ ወደ ዳር አይመለስም። ቱሉ ጉዶ ደግሞ በኦሮምኛ ትልቅ ኮረብታ ማለት ነው። ከኮረብታ ጀርባ ነፋስ ይሰበራል፤ አንዴ ጸጥ ይላል፥ አንዴ ሳይታሰብ ይመታል። ያን ሁሉ ጨርቅ በወገቡ ለታጠቀ ጀማሪ ከዚህ የከፋ ቦታ የለም።

ሁለተኛው ነገር ባለቤቶቹ ናቸው። ደሴቱ ባዶ የመጫወቻ ሜዳ አይደለም። የዛይ ሕዝብ የራሱን ቋንቋ ይዞ፥ ዓሣ እያጠመደና መሬት እያረሰ በዚያ ሐይቅ ደሴቶች ለብዙ ዘመን ኖሯል። በዮዲት ዘመን ታቦተ ጽዮንን ይዘው ከአክሱም የሸሹ ካህናት በቱሉ ጉዶ እንደ ተጠለሉ በትውፊት ይነገራል፤ ደብረ ጽዮን የተባለውም ስለዚህ ነው። እኛ በዓሣ አጥማጁ መረብ ላይ ገመድ ዘርግተን፥ በቤተ ክርስቲያኑ ሥር ሙዚቃ ከፍተን፥ ቆሻሻችንን ጥለን ብንመለስ ምን እንባላለን? «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይላሉ።

እንግዲህ በእኛ አስተያየት መደረግ የሚገባው ይህ ነው። የካናቴራው ገንዘብ በሙሉ ለሕይወት ማዳኛ ጃኬት ይዋል። ዋና የሚችሉ ይቆጠሩ፤ የማይችሉ በላንጋኖ ይማሩ፤ ያ ሐይቅ ከቢልሃርዚያ ነጻ ነው እየተባለ ዋናተኛ ሲመላለስበት የኖረ ነው። በዚህ ጥር ከመካከላችን አራት ወይም አምስት ሰዎች ካይት ሳይዙ በጠዋት ወደ ቱሉ ጉዶ ተሻግረው ሽማግሌዎቹንና ካህናቱን ያነጋግሩ፤ መረብ የሚጣልበትን፥ ነፋሱ የሚነሣበትን ሰዓት፥ የማይነካውን ቦታ ይጠይቁ። የሐይቁ ቀዛፊዎች ተገቢው ዋጋ ተከፍሏቸው መሪዎቻችን ይሁኑ። ካይቱ የሚዘረጋው ይህ ሁሉ ከተፈጸመ በኋላ፥ አስተማሪና ጠባቂ ጀልባ ባለበት፥ ከኮረብታው ጥላ ርቆ ይሁን።

«ይህ ከሆነማ ጉዞው ለከርሞ ተላለፈ» የሚል ይኖራል። ይተላለፍ! ደሴቱ የትም አይሄድም፤ ነፋሱም አያልቅም። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲባል ሰምተን ያደግን ልጆች፥ አንድ ጓደኛችንን በሐይቅ ትተን፥ ለእናቱ ካናቴራውን ይዘንላት እንዳንመለስ ኮሚቴው ወረቀቱን አንሥቶ እንደገና ይጻፈው። ለመጻፍ የሚያግዝ ከፈለገ እኛ አለን።