ጣሪያውን ማን ወሰደው?

በእንግሊዝ አገር፣ በዮርክሻየር፣ እ.ኤ.አ. በ1132 የተመሠረተውን የፋውንቴንስን የሲስተርሲያን ገዳም ጎበኘሁ። ቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ የለውም፤ መነኮሳቱ ለጸሎት በቆሙበት ሣር በቅሏል። ጎብኚው ሁሉ «ሲያምር!» ይላል። ለመሆኑ ምኑ ነው የሚያምረው?

«ዘመን ነዋ ያፈረሰው» የሚለኝ አይጠፋም። ሐሰት ነው! በ1539 የንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ መንግሥት መነኮሳቱን አስወጣ፤ ከዚያም የጣሪያው እርሳስ ተገፈፈ። በ1767 ደግሞ ዊልያም አይዝለቢ የተባለ ባለጸጋ ፍርስራሹን ገዝቶ የአትክልት ቦታው ጌጥ አደረገው። እኛም ዛሬ የመግቢያ ከፍለን ጌጡን እናደንቃለን። አድናቆት ሲበዛ ዝርፊያ ይረሳል።

ማድነቁ ይቅር አልልም። አድናቂው ግን አንዴ ቀና ብሎ ባዶውን ሰማይ ይመልከትና ይጠይቅ፦ ጣሪያውን ማን ወሰደው?