የሚያፍረው ልጅ ያስለቀሰ እንጂ ካርቶን የቀባ አይደለም

ለሕንፃችን ነዋሪዎችና ለመረዳጃ ማኅበራችን አባላት በሙሉ፤

በልብስ ማጠቢያው ክፍል በር አጠገብ በተሰቀለው በዚህ ሰሌዳ ላይ እስከ ዛሬ ስለ ወርኃዊ መዋጮ፣ ስለ ሐዘን ቤትና ስለ መኪና ማቆሚያ ስንጽፍ መቆየታችን የታወቀ ነው። ዛሬ ግን ከካርቶንና ከጋዜጣ ስለ ተሠራ አንድ የኤሊ ቅርፊት እንጽፋለን። መሳቅ የሚፈልግ ይሳቅ፤ ግን እስከ መጨረሻው አንብቦ ይሳቅ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአባሎቻችን አንዷ፣ እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ሌሊት ሌሊት አዛውንት በመንከባከብ ሥራ የምታድር እናት፣ ለ8 ዓመት ልጇ የሃሎዊን ልብስ በገዛ እጇ ሠራችለት። ልጁ የመረጠው ጀግናውን አይደለም። የቪዲዮ ጌሙን ክፉ፣ ባውዘር የሚሉትን ነው የመረጠው። ባለፈው እሑድ ልብሱን ለብሶ ለጓደኞቹ ሊያሳይ ወደ ታች ወረደ። በሩ ላይ ከቆሙት ሰዎቻችን አንዱ «ወይ ጉድ! ልጁን ጭራቅ አደረገችው» አሉ። አንዲት ደግሞ «ሱቁ ሞልቶ እያለ በተጣለ ካርቶን? ምን ያለ ንፍገት ነው!» አለች። የቀሩት ሳቁ።

ልጁ አማርኛ የማይሰማ መስሏቸው ይሆናል። ይሰማል። አሳምሮ ነው የሚሰማው። ማታ ቆሻሻ ልንጥል ስንወርድ ያ ቅርፊት ከገንዳው አጠገብ ወድቆ፣ ሁለት እሾሁ ተሰብሮ አገኘነው።

በማግስቱ ደግሞ አራት አባላት የፈረሙበት ማመልከቻ ለጽሕፈት ቤታችን ደረሰ። «የማኅበሩ አዳራሽ ለእንዲህ ዓይነቱ የጭራቅ ሥራ እንዳይከፈት» ይላል። ይህ ጽሑፍ ለማመልከቻው የምንሰጠው መልስ ነው።

በመጀመሪያ፣ የማያውቁትን ነገር መክሰስ ስለማይገባ ባውዘር ማን እንደሆነ እንናገር። ባውዘር ኒንቴንዶ የሚባለው የጃፓን ኩባንያ በ1985 እ.ኤ.አ. ባወጣው «ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ» በተባለው ጨዋታ የመጣ የኤሊዎች ንጉሥ ነው። ጀርባው ላይ እሾሃም አረንጓዴ ቅርፊት አለው፤ ፀጉሩ ቀይ ነው፤ ሁለት ቀንድ አለው። ሥራው ልዕልቷን ጠልፎ መውሰድ ነው። ማሪዮ የሚባለው ባለ ቀይ ኮፍያ ሰውዬ ደግሞ ሊያስመልሳት ይሄዳል። በዚያ በመጀመሪያው ጨዋታ መጨረሻ ላይ ማሪዮ መጥረቢያዋን ሲነካ ድልድዩ ይፈርስና ባውዘር ከሥር ወዳለው እሳት ይወድቃል። ስንት ጊዜ ቢመጣ ስንት ጊዜ ይሸነፋል። ደግሞም ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በወጣው የመኪና እሽቅድድም ጨዋታ ከዚያው ከማሪዮ ጋር አብሮ ይወዳደራል። በ2023 እ.ኤ.አ. በወጣው ፊልም ላይ እንኳ ፒያኖ እየመታ ለልዕልቷ ሲያንጎራጉር ታይቷል። እንግዲህ ሰውን ያስደነገጠው ጭራቅ ይሄ ነው።

«ታዲያ ልጅ ክፉውን ለምን ይመርጣል?» የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኛም በተራችን እንጠይቅ። ሌባና ፖሊስ ስንጫወት ሌባ የሆነው ማን ነበር? ሁሉም ፖሊስ ከሆነ ጨዋታው የት ይገኛል? ሌባ ሆኖ ሲሮጥ የነበረው ሁሉ አድጎ ሌባ ሆነ ወይ? አያቶቻችን ማታ እሳት ዳር ተረት ሲነግሩን የጅቡን ድምፅ እያወጡ ያስፈራሩን ነበር፤ በዚህ ምክንያት አያታችን ጅብ ናት ያለ አለ? ልጅ በክፉው ልብስ ውስጥ ገብቶ «ሆ!» ሲል የሚፈራውን ነገር መጫወቻ እያደረገው ነው። ትልቅና ጉልበተኛ መሆን ለአንድ ምሽት ያምረዋል። ትንሽ ልጅ ነዋ! በቀን ስንት ጊዜ ነው «ተቀመጥ፣ ዝም በል፣ አትንካ» የሚባለው?

ሁለተኛው ነጥብ የሃይማኖት ነው። አንድ የተከበሩ አባታችን «ቀኑ ጥቅምት 21 ነው፤ በእመቤታችን ቀን እንዲህ ያለ ነገር አይሆንም» ብለዋል። እርሳቸውን እናከብራለን፤ በማመልከቻው ላይም አልፈረሙም፤ ልጁንም አልሰደቡም። ሃሎዊንን ላለማክበር የወሰነ ቤተሰብ መብቱ ነው፤ በሩንም ማንም አያንኳኳበትም። ነገር ግን ይህ እያንዳንዱ ቤተሰብ ከንስሐ አባቱ ወይም ከሃይማኖት መምህሩ ጋር የሚነጋገርበት ጉዳይ እንጂ በደረጃ ላይ ቆሞ የሚፈረድ አይደለም። ማኅበራችን ኦርቶዶክሱም፣ ሙስሊሙም፣ ጴንጤውም አብሮ የሚቀብርበት መረዳጃ ነው። የእምነት ፍርድ ቤት እንዲሆን ማንም አላቋቋመውም።

ሦስተኛውና እኛን ከሁሉ ያሳዘነን «ንፍገት ነው» የተባለው ነው። ለመሆኑ ከመቼ ወዲህ ነው በእጅ የተሠራ ነገር የሚያሳፍረን? ለቡሄ ጅራፋችንን የገመድነው ራሳችን አይደለንም? የሆያ ሆዬውን ዱላ ከሱቅ የገዛ አለ? በየደጁ እየጨፈርን ሙልሙል ስንቀበል ማን «ለማኞች» አለን? ለእንቁጣጣሽ በየቤቱ የምናድለውን ሥዕል በቀለም እርሳስ የሣልነው እኛው ነን። ኳሳችን በአሮጌ ካልሲ ውስጥ የተጠቀጠቀ ጨርቅ ነበር። መኪናችን ሽቦ፣ ጎማዋም ቆርኪ ነበረች። ያን ጊዜ የተሻለ የሠራ ይደነቅ ነበር እንጂ አይሳቅበትም ነበር።

አሜሪካኖቹም ቢሆኑ ይህን ልማድ ያመጡላቸው እንደኛው ስደተኞች ናቸው፤ ከአየርላንድና ከስኮትላንድ የመጡ። ልብሱንም በቤታቸው ይሠሩት ነበር። በኋላ ግን፣ ከ1930ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ፣ ቤን ኩፐርን የመሰሉ የኒው ዮርክ ድርጅቶች ጭምብልና ቀሚስ በካርቶን ሣጥን አሽገው ሲሸጡ ነገሩ ወደ ሱቅ ዞረ። ዛሬም ቢሆን በእጁ የሚሠራ ብዙ ነው፤ የሚያፍርበትም የለም። እኛ ብቻ ነን ከሱቅ ያልመጣውን ሁሉ የድሃ የምናደርገው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመጣለን። ቅርፊቱን አንሥተን ወደ እናትየዋ ቤት በሄድን ጊዜ ያለችንን እንድንጽፍ ፈቅዳልናለች። ልጇ ከትምህርት ቤት ከተመለሰ እስከ ሥራ መውጫዋ ያላት ጊዜ ጥቂት ነው። በዚያች ሰዓት እሷ ምግብ ትሠራለች፤ እሱ ጌሙ ላይ አንገቱን ደፍቶ ይቀመጣል። «ብላ» ትለዋለች፤ «እሺ» ይላታል፤ ይኸው ነው ንግግራቸው። ልብሱን በሠሩበት ሳምንት ግን እሷ ስትቆርጥ እሱ ይይዛል፤ እሱ «እዚህ ጋ እሾህ አለው» ሲል እሷ ትለጥፋለች። ባውዘር ስንት ጥርስ እንዳለው፣ የት እንደሚኖር፣ ማሪዮ እንዴት እንደሚያሸንፈው ነገራት። በአማርኛ ነው የነገራት፤ ቃል ሲጠፋበት እየጠየቃት። «ቅርፊት»ን፣ «ቀንድ»ን፣ «ሙጫ»ን የዚያን ሳምንት ነው ያወቀው። «ልጄ ይሄን ያህል ሲያወራኝ ይህ የመጀመሪያው ነው» አለችን። ከዚያ እሑድ ወዲህ ደግሞ ዝም ብሏል።

በየስብሰባው «ልጆቻችን ቋንቋችንን አጡ፤ ጌም ወሰደብን» እያልን እጃችንን የምናወዛውዝ እኛ አይደለንም እንዴ? አንዲት እናት ልጇን ከስክሪኑ ላይ በመቀስና በካርቶን ስትመልሰው በሩ ላይ ቆመን አፈረስንባት። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ይላሉ አበው።

«አፈረስን» ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም። እኛም እዚያው በር ላይ ነበርን። አልተናገርንም፤ ግን ፈገግ ብለናል። ልጁም ዓይናችንን አይቷል። ስለዚህ ይህ ወቀሳ ከጽሕፈት ቤቱ ይጀምራል።

አመልካቾቹ ካነሡት ውስጥ ትክክል የሆነ የለም ማለታችን አይደለም። ካርቶንና ወረቀት ይነዳል፤ በየደጁ በዱባ ውስጥ ሻማ ይበራል። ስለሆነም ልጅ በካርቶን ልብስ ሻማ አጠገብ እንዳይቆም፣ ትልቅ ሰውም አብሮት እንዲሄድ ይሁን። ዓይን የሚጋርድ ጭምብል መኪና አያሳይም፤ ስለዚህ ፊትን ለልጅ ቆዳ በተሠራ ቀለም መቀባት ይሻላል። ጀርባ ላይ የመኪና መብራት የሚመልስ ፕላስተር ይለጠፍ። ወላጅም ልጁ የሚጫወተውን ይወቅ። በጌሙ ሣጥን ላይ ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተቋቋመው መዳቢ ቦርድ የሚያትመው ፊደል አለ፤ «ኢ» ለሁሉም ነው፣ «ኤም» ግን 17 ዓመት ለሞላው ነው። ደም የሚረጭበትን ጌም ክፉ ልልበስ የሚል ልጅ ካለ «አይሆንም» ማለት የወላጅ ሥራ ነው። የአዳራሹ ወለል በማስቲሽ እንዳይበላሽ የተባለውም ልክ ነው፤ ፕላስቲክ ይነጠፋል።

አሠራሩን ለማታውቁ፣ እናትየዋ እንዳስረዳችን እንዲህ ነው። ለልጁ ጀርባ የሚበቃ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ይደፋና በፌስታል ይሸፈናል። የስንዴ ዱቄት በውኃ ተበጥብጦ እሳት ላይ እየተማሰለ ሙጫ ይሆናል። በጣት ስፋት የተቀደደ ጋዜጣ በሙጫው እየተነከረ ሳፋው ላይ ይለጠፋል፤ 4 ድርብ ይበቃል። ሳይደርቅ ሌላ ድርብ የደረበ ሻጋታ ያተርፋል፤ መታገሥ ነው። ሲደርቅ ከሳፋው ይላቀቅና ጠርዙ ይከረከማል፤ አረንጓዴ ይቀባል። እሾሁ እንደ ቆሎ መጠቅለያ የተጠቀለለ ካርቶን ነው፤ በፕላስተር ይያዛል። ማንገቻው ከአሮጌ የትምህርት ቤት ቦርሳ ይፈታል። ቀንዱ በጋዜጣ የተሞላ የወረቀት ጥቅልል ሆኖ ኮፍያ ላይ ይሰፋል፤ ፀጉሩ ቀይ የሹራብ ክር ነው። ለእጁ የጥቁር ካልሲ አንገት ተቆርጦ ትንንሽ የወረቀት እሾህ ይለጠፍበታል። ሆዱ ቢጫ ካናቴራ ነው። ያወጣችው ለቀለም፣ ለክርና ለዱቄት ብቻ ነው። ይህን ነው እንግዲህ ንፍገት ያልነው!

በመሆኑም የሚከተለውን ወስነናል። ማመልከቻውን አልተቀበልነውም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ይከፈታል። ሳፋ ያለው ሳፋ፣ አሮጌ ጋዜጣ ያለው ጋዜጣ፣ መቀስ ያለው መቀስ ይዞ ይምጣ። ስፌት የምታውቁ እናቶች፣ በአገር ቤት እንጨት የጠረባችሁ አባቶች፣ እጃችሁ ያስፈልጋል። ሃሎዊንን የማታከብሩም ብትሆኑ ለመጪው ቡሄ ጅራፍ መግመድ ልታስተምሩ ትችላላችሁ፤ ልጆቹ ክሩን ይዘው ይጠብቋችኋል። በማመልከቻው ላይ የፈረማችሁትንም እንጠራችኋለን። ብትመጡ ቡና ይፈላል፤ ማንም ስማችሁን አያነሣም።

ያ ቅርፊት አሁን በጽሕፈት ቤታችን ጠረጴዛ ላይ ነው። የተሰበሩትን ሁለት እሾሆች ትናንት ማታ በገዛ እጃችን ሠርተን ለጥፈናል፤ አንደኛው ትንሽ ተጣሟል። ወደ ልጁ ቤት ይዘነው የምንወጣው ዓርብ ከምሽቱ 12 ሰዓት፣ እናቱ ለሥራ ሳትወጣ ነው። እሑድ ዕለት በሩ ላይ የነበራችሁ ሁሉ አብራችሁን ውጡ። ብዙ መናገር አያስፈልግም። «ይቅርታ አድርግልን፤ ልብስህ ያምራል» ማለት በቂ ነው፤ በአማርኛ።

ከአክብሮት ጋር፣
የመረዳጃ ማኅበሩ ጸሐፊ