ሃይማኖት በሕዝብ ቆጠራ ቅጽ ላይ ይጠየቅ?

ይጠየቅ

ጥያቄው ይውጣ የሚሉት ቁጥሩ ያጣላል ብለው ነው። የባሰ የሚያጣላው ግን የቁጥር አለመኖር ነው። በ1987 ዓ.ም. ቆጠራ ኦርቶዶክስ 50.6፣ ሙስሊም 32.8፣ ፕሮቴስታንት 10.2 በመቶ ነበር። በ1999 ኦርቶዶክሱ ወደ 43.5 ወረደ፣ ሙስሊሙ 33.9፣ ፕሮቴስታንቱ 18.6 ደረሰ። ይህን የመሰለ ለውጥ ሳይቆጠር ማን ይነግረን ነበር? ሕገ መንግሥቱ በየ10 ዓመቱ ይቆጠር ቢልም ቀጣዩ ቆጠራ ሲራዘም ኖሯል። እስከዚያው ሁሉም በየፊናው «ብዙዎቹ እኛ ነን» ይላል። የመቃብር ቦታ ጥያቄ ሲነሳም አስተዳደሩ የሚመዝነው ድምፁ የጎላውን ነው።

አይጠየቅ

ባልደረባዬ ቁጥሩን በአስርዮሽ ሳይቀር ዘረዘሩት፤ ማን እንደ መለሰው ግን አልነገሩንም። ቆጣሪው ቤት ሲገባ የሚመልሰው አባወራው ወይም ያገኘው ሌላ አዋቂ ነው፣ ለሁሉም። ልጅየው ጌታን ተቀብሎ ይሆናል፤ አባቱ አልሰማም፣ ወይም ሰምቶ እንዳልሰማ ሆኗል። ቅጹ ላይ ልጁም «ኦርቶዶክስ» ነው። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ስሞ ማታ ለአድባሩ ቡና የሚያስፈላውስ በየትኛው ሳጥን ይግባ? ዋቄፈታውስ «ባህላዊ» በሚል ጥቅል ስም መታለፉን ይወደዋል?

የጥያቄው አነጋገር ራሱ መልስ ይጎትታል። በእንግሊዝና ዌልስ የ2001 (እ.ኤ.አ.) ቆጠራ «ሃይማኖትዎ ምንድን ነው?» ሲባል ሃይማኖት የለኝም ያለው 15 በመቶ ገደማ ነበር። በዚያው ዘመን የብሪታንያ የማኅበራዊ አመለካከት ጥናት ራሱን የአንድ ሃይማኖት አባል አድርጎ ይቆጥር እንደሆነ ሰውን ሲጠይቅ፣ አይደለሁም ያለው 40 በመቶ ያህል ሆነ። አሥር ዓመት የሚያከራክረንን ነገር በአንዲት ጥያቄ መሙላት ድፍረት ነው። ለናሙና ጥናት ይተው። የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቱ እኮ ሴቷንም ወንዱንም ለየብቻ ይጠይቃል።

ይጠየቅ

ይጠይቃል፣ ግን ናሙናው ለክልል ቢበቃ ነው፤ ወረዳ አይወርድም። የመቃብሩ ክርክር ያለው ወረዳ ላይ ነው። አባወራው ስለ ልጁ ከተሳሳተ አዋቂው ሁሉ ራሱ ይመልስ ብሎ መመሪያውን ማስተካከል ነው እንጂ ጥያቄውን መሰረዝ ምን አመጣው?

አይጠየቅ

አዋቂውን ሁሉ ለየብቻ ማነጋገር ለቆጠራ የማይታሰብ ወጪ ነው፤ ስለዚህ መላሹ እንደገና አባወራው ይሆናል። ወረዳ ድረስ ስለ ወረደ ብቻ ስህተቱ አይታረም፤ ሚሊዮን ጊዜ ይደገማል እንጂ። ለመቃብሩም ቢሆን የሚያስፈልገው የቀብር ብዛት ነው፤ እሱን በየሰፈሩ ያሉ ዕድሮች ከማናችንም በላይ ያውቁታል።